ምስጋና አቅራቢው ገበያው

ገበያው የሚባለውን አርሶ አደር በመልኩ የማያውቅ ሰው በዋግ ጥቂት ነው፤ በስሙ የሚያውቀውም እንደዚያው ጥቂት ነው። በቴሌቪዥን ሲቀርብ ስሙ አንዴ «የአካባቢው ነዋሪ»፣ አንዴ «ያነጋገርናቸው አርሶ አደር»፣ በጣም የተከበረ ዕለት ደግሞ «ሞዴል አርሶ አደር» ነው። ለማዳበሪያ አመስግኗል። ለምርጥ ዘር አመስግኗል። ምርጥ ዘሩ ሳይበቅል ሲቀር ስለተደረገለት ክትትልም አመስግኗል። አንድ ጊዜማ በቆላው በኩል ተሠራ ስለተባለ ድልድይ ዜና ሊሠሩ የመጡ ጋዜጠኞች ወደ ድልድዩ የሚያስኬድ መንገድ አጥተው ሲመለሱ ደጁ ላይ አገኙትና፣ «ድልድዩ እንዴት ጠቀመዎት?» አሉት። ድልድዩን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ እንዴት እንደጠቀመው ግን አንድ በአንድ ነገራቸው።

ለምን እሱ ተመረጠ ለሚል፣ ምክንያቱ ብዙ አይደለም። ቤቱ ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሾላ አፋፍ በምትባል መንደር ነው፤ ደጁ ላይ ለመኪና ማቆሚያ የሚሆን ሜዳ አለ። እቤቱ የዋግን ቋንቋ ኽምጣንጋን ይናገራል፤ አማርኛውም ቢሆን ሰተት ያለ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፊቱ አለ። ጋቢውን ደርቦ፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ራሱን ቀስ ብሎ ሲነቀንቅ፣ ምንም ያልተሰጠው ሰው ቢሆንም የተትረፈረፈለት ይመስላል። እንዲህ ያለ ፊት ለዜና ሰዎች ከመኪና ነዳጅ በላይ ነው።

ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ይህን ከአሁኑ መናገር ይሻላል። ገበያው እንግዳ ባዶውን መሸኘት የማይሆንለት ሰው ነው። ሌላው ለእንግዳ ጠላ ያቀርባል። ገበያው ጠላም ያቀርባል፣ እንግዳው ሊሰማ የመጣውንም ያቀርባል። ማንንም ሳያስቀይም አምሳ ዓመት አልፎታል፤ በዚህም ይኮራ ነበር።

ጣጣው የመጣው በቦኖው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መንደራቸው ውስጥ፣ ከገበያው ቤት አጠገብ፣ የውሃ ቦኖ ተሠራ። ሪባን ተቆረጠ፤ ውሃው ተንፎለፎለ፤ ካሜራው ወደ ገበያው ዞረ። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ከእንግዲህ እናቶቻችን ገደል ወርደው ውሃ አይቀዱም፤ መንግሥት ይባረክ» አለ። ንግግሩ አማረ፤ ደጋግመው አሳዩት። የሪባኑ ቁራጭ ገና ከአጥሩ ላይ ሳይነሣ ውሃው ጠፋ።

ሚስቱ ደብሬ ቢጫ ጀሪካኗን አንሥታ እንደ ድሮው ወደ ገደሉ ምንጭ ወረደች። የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ገበያውን ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ላከው፤ አፍ ያለው እሱ ነዋ። እዚያ ያገኘው ኃላፊ በትሕትና አስቀመጠው፤ አቤቱታውን እስከ መጨረሻው ሰማው፤ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ ከፈተለት። ቪዲዮው ውስጥ ገበያው ቆሞ ያመሰግናል፤ ከጀርባው ውሃው ይፈሳል።

«ይኸው እርስዎ ራስዎ ውሃ መግባቱን መስክረዋል» አለው ኃላፊው።

«እሱ ያኔ ነው ጌታዬ። አሁን ደርቋል።»

«ቪዲዮው ግን አሁንም አለ።»

ገበያው ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። ደጋግሞም ሄደ፤ በሄደ ቁጥር ያን ቪዲዮ አዩት እንጂ ቦኖውን ያየለት አልተገኘም። በወረቀት ላይ ሾላ አፋፍ ውሃ ጠጥታ ጠግባለች። ደብሬም ከዚያ ወዲህ ባሏ በቴሌቪዥን ሲቀርብ አታይም። አንድ ቀን ብቻ፣ ጀሪካኑን ከጀርባዋ እያወረደች፣ «አንተ ያመሰገንከውን እኔ እሸከመዋለሁ» አለችው። ይህ ቃል ገበያውን እንደ እሾህ ወግቶት ቀረ፤ ሊነቅለውም አልቻለም።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ላይ ሳለ ምርጫ ደረሰ።

ሰቆጣ ውስጥ ባጃጅ ሁሉ ድምፅ ማጉያ ጫነ፤ ግድግዳው ሁሉ ፊት በፊት ሆነ። ከእጩዎቹ አንዱ አቶ ደረሰ ይባላል። ወላጆቹ የዋግ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ግን በሕፃንነቱ ወጥቶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ኽምጣንጋ የማይናገር፣ ሲጠየቅ ግን «ሲወራ ይገባኛል» የሚል ሰው ነው። በፌስቡክና በቲክቶክ ገጹ ላይ የታየ እንደሆነ ከዋግ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን ሽማግሌ ጉልበት ይስማል፤ ሌላ ቀን ግልገል ያቅፋል፤ ሌላ ቀን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። ልብ ብሎ ያየ ሰው በሁሉም ላይ ያው ጃኬት፣ ያው የጫማ አቧራ መሆኑን ያስተውላል፤ ሁሉም ፎቶ በአንድ ቀን ተነሥቶ ቀስ እያለ የሚለቀቅ ነው። ከሥር «የሕዝብ ልጅ!»፣ «እሳት!» የሚሉ ይሰለፋሉ፤ ግማሾቹ በፊታቸው ፋንታ የአበባ፣ ግማሾቹ የአንበሳ ሥዕል የለጠፉ ናቸው። በእውነተኛ ፊቱ የሚጽፍ ቢገኝ አለቃው ሼር አድርግ ያለው ሠራተኛ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያቀናብረው የሚዲያ ኃላፊው ወንዳወቅ ነው። ወንዳወቅ ከአዲስ አበባ አብሮ የመጣ፣ በሁለት ስልክ የሚያወራ፣ ዓይኑ ያረፈበትን ነገር ሁሉ «ኮንቴንት» የሚል ጎልማሳ ነበር። ገበያውን በድሮ ዜናዎች ላይ አይቶት ኖሮ ቤቱ ድረስ መጣ። በሬዎቹን አየ፤ ቦራና ዳማ ናቸው። ሞፈሩን አየ። የገበያውን ፊት አየ።

«አባባ፣ እርስዎ ንጹሕ ኮንቴንት ነዎት» አለው።

ገበያው ምን እንደተባለ ባይገባውም አመሰገነ።

ወንዳወቅ የፈለገው ቀላል ነው። እጩው ከገበያው ጋር ሆኖ በሬ ጠምዶ ሲያርስ ይቀረጻል፤ ገበያው ከአጠገቡ ሆኖ «መሬት የሚያውቅ ልጅ አገኘን» ይላል። ገበያው በፊት በፊት ቢሆን ወዲያው እሺ ይል ነበር። አሁን ግን የደብሬ ቃል ቆረቆረውና፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከምስጋናው በፊት አንድ ነገር ጠየቀ።

«ውሃውስ ልጄ? ቦኖው ደረቅ ነው።»

«ውሃው እኮ የመጀመሪያ አጀንዳችን ነው! ቪዲዮው በወጣ በማግሥቱ ባለሙያ እልክልዎታለሁ። በቃ፣ ቃል ነው።»

ገበያው ደስ አለው። ሰውየው ሊሰናበት ሲነሣ ግን ቀኑን ነገረው፤ ግንቦት ዐሥራ ሁለት።

«ሚካኤል ነው እኮ» አለ ገበያው።

«እኛ ሃይማኖት ውስጥ አንገባም አባባ» አለ ወንዳወቅ።

«አይ፣ የሚካኤል ዕለት አይታረስም ማለቴ ነው።»

ወንዳወቅ ስልኩን አየት አደረገ። «ሌላው ቀን ሁሉ ተይዟል። እንዲያውም በዓል መሆኑ ጥሩ ነው፤ ሰው ቤቱ ስለሚውል ቪዲዮውን ያየዋል» ብሎ ሄደ።

የሾላ አፋፍ ደብር ሚካኤል ነው። በወሩ ዐሥራ ሁለተኛ ቀን እንኳን ማረስ፣ እርሻ ውስጥ ድንጋይ መልቀም አይደረግም። በረዶ የወረደ እንደሆነ፣ ዝናብ የቀረ እንደሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው በዕለቱ ማን መሬት ነካ የሚለው ነው። ገበያው መልአኩን ማስቀየም አይፈልግም። እጩውንም ማስቀየም አይፈልግም። ደብሬን ግን ከሁለቱም አስበልጦ ፈራ፤ ውሃው ከመጣ ያ እሾህ ይነቀልለታል። ሲያወጣ ሲያወርድ ውሎ አንድ ብልሃት መጣለት። ማረስ ማለት ምን ማለት ነው? ብረት መሬት ውስጥ ሲገባ ነው። ብረቱ ከሌለስ? በሬ ይዞ እርሻ ላይ መንሸራሸር ነው፤ ሽርሽር ደግሞ የተከለከለበት በዓል የለም። በዋዜማው ማረሻውን ከእርፉ ላይ አውልቆ ከጎታው ሥር ወሸቀው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስታረቀ ሰው መስሎት ራሱን አደነቀ።

አቶ ደረሰ በዕለቱ የእጥፋቱ ምልክት ያልጠፋ አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ ዋጋው የተለጠፈበት ቦቲ ጫማ አድርጎ ከመኪና ወረደ። ገበያው እርፉን አስያዘው። ቦራና ዳማ ማረሻ የሌለው እርሻ ገጥሟቸው አያውቅም፤ ነገሩ ስለቀለላቸው ሠርግ እንደተጠራ ሰው ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ። እጩው ላብ እንኳ ሳይወጣው ከዳር እስከ ዳር ደረሰ።

«እርሻ ይህን ያህል ቀላል ነው እንዴ?» አለ እየሳቀ። «አርሶ አደሩ ትንሽ ማማረር ያበዛል ማለት ነው።»

«እጅዎ የተባረከ ሆኖ ነው» አለ ገበያው፤ ይህንም ለማለት አልከበደው።

ወንዳወቅ ከዳር ሲደርሱ፣ «እዚህ ጋ ከፍ አድርጉት! ለስሎው ሞሽን ነው!» አለ። እጩውም እርፉን በሁለት እጁ ወደ ላይ አንሥቶ ፀሐይ ላይ አቆመው። ገበያው ያን ጊዜ ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑን ሲገልጥ ሁሉም ያጨበጭቡ ነበር።

ቪዲዮው በዚያው ቀን ማሲንቆ ተጨምሮበት፣ «መሬቱ ያውቀዋል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ወጣ። አበቦቹና አንበሶቹ አጨበጨቡ። ሼር እንዲያደርጉ የታዘዙት አደረጉ። አንድ የደሃና ወረዳ ገበሬ ግን በልጁ ስልክ ሲያይ ቆየና፣ በልጁ እጅ አንድ ቃል አስጻፈ፤ «ማረሻው የታለ?»

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ለመናገር ያስቸግራል። እጩው እርፉን ፀሐይ ላይ ያነሣበት ያ ቀስ ብሎ የሚሄድ ቦታ ለዚሁ ተብሎ የተቀረጸ ይመስል ነበር፤ ጫፉ ባዶ እንጨት መሆኑ ከሩቅ ይታያል። ሰው እያቆመ፣ እያጎላ፣ ቀይ ክብ እየሠራበት ተቀባበለው። ሰቆጣ ውስጥ ባጃጅ ነጂዎች ሲተላለፉ የሚለዋወጡት ሰላምታ «ማረሻው የታለ?» ሆነ። እጩው አዳራሽ ውስጥ ስለ ሥራ ፈጠራ ሲናገር ከኋላ አንድ ሰው ያንኑ ጠየቀው። ወንዳወቅ አስተያየቶቹን ሲያጠፋ ውሎ ሲያጠፋ ቢያመሽም እነሱ ይብሱን ይፈላሉ። በመጨረሻ ማረሻ ምን እንደሆነ ራሱ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ አነበበና፣ በማግሥቱ በእጩው ገጽ ላይ መግለጫ ወጣ፤ በቪዲዮው የታየው አፈርን የማያውክ ዘመናዊ የአስተራረስ ዘዴ ነው፣ አቶ ደረሰም ለአርሶ አደሩ ሲያስተዋውቁት ነበር ይላል። ይህን ያነበበ ገበሬ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ሣቀ።

ገበያው ግን አልሣቀም። ባለሙያ አልመጣም። በዚያ ላይ የነፍስ አባቱ ቄስ ወልደ ጻድቅ አስጠሩት። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ፣ ገና ተሠርቶ ያላለቀ ግንብ ላይ ተደግፈው ቆመው ነበር።

«በሚካኤል ዕለት በሬ ጠምደሃል» አሉት።

«ማረሻ አልነበረውም አባቴ። አገር ሁሉ አይቶታል።»

«አይቻለሁ። በልጅ ልጄ ስልክ።»

«እንግዲያ አላረስኩም ማለት ነው።»

«ይህንን ለበሬዎቹ ነግረሃቸዋል?» አሉት ቄሱ። «ማንን ልታታልል ነበር? መልአኩን ነው ወይስ ሰውዬውን?»

«ማንንም አይደለም አባቴ። ሁሉንም ላለማስቀየም ብዬ ነው።»

«ኃጢአትህ እሱ ነው» አሉት ቄስ ወልደ ጻድቅ። ንስሐውንም በዚያው ሰጡት። ይህ ግንብ እስኪያልቅ ድረስ የጭቃውንና የሲሚንቶውን ውሃ ከገደሉ ምንጭ ቀድቶ የሚያመጣው ገበያው ነው፤ በአህያ ሳይሆን በገዛ ጀርባው።

በዚያ አገር ወንድ በጀርባው ውሃ ተሸክሞ አይታይም። ገበያው ጎህ ሲቀድ ጀሪካን አንሥቶ ከደብሬ ኋላ ኋላ ሲወርድ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው አሳለፉት። መውረዱ ደህና ነበር። መውጣቱ ላይ ገመዱ ትከሻውን ቆረጠው፤ ውሃው በጀርባው እየተንቦጫቦጨ ወደ ኋላ ይጎትተው ጀመር። ደብሬ አልቀለደችበትም። ቀድማ እየወጣች፣ «እዚህ አትርገጥ፣ ያንሸራትታል» ትለዋለች። ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ከፍታው ወገብ የሚደርስ ለጥ ያለ ድንጋይ አለ። ጀሪካኗን ሳታወርድ ድንጋዩ ላይ አስደግፋ ቆመች።

«እዚህ ነው የምናርፈው» አለችው።

ድንጋዩ የሴቶቹ ጀርባ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታከከው ስለሆነ ለስልሶ ያብረቀርቃል። ገበያው ከዚህ መንደር ተወልዶ እዚህ አርጅቶ ይህን ድንጋይ አያውቀውም ነበር። ያላየውን ድልድይ አመስግኗል፤ ሚስቱ በየቀኑ የምትደገፍበትን ድንጋይ ግን ዛሬ ገና አየው። አፈረ። ከልቡ አፈረ፤ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ቆየ። አቀበቱን ጨርሰው ሲወጡ ያ ቦኖ ደጃቸው ላይ እንደ ሐውልት ቆሞ ጠበቃቸው። ገበያው ውሃውን ተሸክሞ በአጠገቡ አለፈ።

ግንቡ ሳያልቅ፣ የገበያው ትከሻም ሳይድን፣ ወንዳወቅ ከአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጋዜጠኛ ጋር ተመልሶ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል፤ ቁጣውን ግን ዋጠው፤ ሰውየው ገና ያስፈልገዋልና።

«አባባ፣ ያ የማረሻ ነገር ጎድቶናል። እርስዎ ያስተካክሉልናል። ዜና ነው የምንሠራው፤ አርሶ አደሮች ለእጩው ያላቸውን ድጋፍ ገለጹ የሚል። አንድ ነገር ብቻ፣ በኽምጣንጋ ይናገሩልን። ተቀናቃኞቻችን ቋንቋውን አያውቅም እያሉ ነው፤ በቋንቋው ኮንቴንት ያስፈልገናል።»

«ምን ልበል?»

«የተመቸዎትን። ትርጉሙን እኛ ጽፈን ጨርሰነዋል» አለ ወንዳወቅ። እውነቱን ነው፤ ጋዜጠኛው ትርጉሙን መኪና ውስጥ እያለ ጽፎት ነበር።

«ውሃውስ ልጄ?»

«ይሄ በወጣ በማግሥቱ።»

ገበያውን ያቆሙት ቦኖው ፊት ነው፤ ለምስሉ ያምራል ብለው። ማይክራፎኑ አፉ ሥር ሲመጣ ያ የለመደ እጁ በራሱ ጊዜ ደረቱ ላይ ወጣ፤ ራሱም ቀስ ብሎ ተነቀነቀ። እንግዳን ፊት ለፊት ማስቀየም ዛሬም አልሆነለትም። በኽምጣንጋ ግን፣ በዚያው በአመስጋኝ ፊቱ፣ እንዲህ አለ፤

«ይህ ከኋላዬ ያለው ቦኖ ደረቅ ነው። ለዚህ ቦኖ ያመሰገንኩት እኔ ነኝ፤ አፌን ያኔ በቆረጠው። ሚስቴ ደብሬ ዛሬም ውሃ ከገደል ታመጣለች። እኔም ሰሞኑን ተሸክሜ አየሁት፤ የኛ ምስጋና ከባድ ነው። ሰውዬው ያረሰው ያለ ማረሻ ነው፤ ያወለቅሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ልዩነቱን አላወቀም። ማረሻ መኖር አለመኖሩን ያላወቀ ሰው ውሃ መኖር አለመኖሩን በምን ያውቃል? ይኸው ነው፤ እናንተ ግን ውሃ ጠጡልኝ።»

«በጣም ቆንጆ!» አለ ወንዳወቅ። «አንዴ ወደ ቧንቧው ይጠቁሙልን።» ገበያው ወደ ቧንቧው ጠቆመ።

በነጋታው ምሽት ሰቆጣ የምትማረው ልጁ ኤደን መጥታ ነበርና ዜናውን በስልኳ ከፈተችው። ደብሬ እንደ ልማዷ ፊቷን አዙራ ሽሮ ታማስላለች። ስክሪኑ ላይ ገበያው ቆሟል፤ ከሥሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙ ከነአባቱ ተጽፏል። በዚህ ሁሉ ዓመት ስሙ የወጣው የገዛ ቃሉ በጠፋበት ዕለት መሆኑ ነው። የጋዜጠኛው ድምፅ ከላይ ገባ፤ «አርሶ አደሩ እንደገለጹት፣ አቶ ደረሰ የአካባቢውን ችግር ከሥር መሠረቱ የሚያውቁ፣ የመሬት ልጅ ናቸው። በተገነባላቸው ንጹሕ የመጠጥ ውሃም ተጠቃሚ መሆናቸውን ተናግረዋል።»

ትርጉሙ ላይ ደክመውበታል፤ ድምፁን ግን አላጠፉትም። ከጋዜጠኛው ሥር የገበያው ኽምጣንጋ ቀስ ብሎ፣ ግን ኩልል ብሎ ይሰማል። ደብሬ ማማሰያዋን እንደያዘች ዘወር አለች። መጥታ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ደቀነች። የእሷ ስም ሲጠራ ሰማች።

«ድገሚው» አለቻት ኤደንን። ኤደን ደገመችው። «አሁንም ድገሚው።» ገበያው ምን ትለኝ ይሆን ብሎ እሳቱን እያየ ቆየ። ሽሮው አሮ ነበርና ደብሬ ያረረውን ለራሷ አድርጋ ደህናውን ለእሱ አወጣች።

ወንዳወቅ በማግሥቱ ደወለ፤ በደስታ ሊሞት ነው። «አባባ፣ ፈነዳ! እንዲህ ያለ ሼር አይተን አናውቅም! ሰው ተቀባበለው፣ አበርገሌ ድረስ!» አለ። እውነቱን ነው፤ ዋግ ተቀባበለው። ኽምጣንጋ የሚሰማ ሁሉ ከላይኛው ድምፅ ሥር ገብቶ የታችኛውን እያዳመጠ፣ ዘመዱን እየጠራ፣ «ይህን ስማ» ይለዋል። እጩው ዙሪያ ካሉት መካከል ቋንቋውን የሚያውቁ አልጠፉም፤ ግን ማን ሄዶ ይንገረው? ደስ ያለውን አለቃ ማን ያስከፋል? በያሉበት አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ እንጂ። ወንዳወቅም ብሶ የጋዜጠኛውን ድምፅ አስወጥቶ፣ የገበያውን ንግግር ለብቻው ባጃጅ ላይ አስጫነው። በሰቆጣ የገበያ ቀን፣ የእጩው ፎቶ የተለጠፈበት ባጃጅ በእህል ተራ፣ በፍየል ተራ፣ በማር ተራ እየዞረ፣ ማረሻ መኖር አለመኖሩን ያላወቀ ሰው ውሃ መኖር አለመኖሩን በምን ያውቃል እያለ ሲጮህ ዋለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከመኪናው መስኮት ወጣ ብሎ እጁን ያውለበልብ የነበረው አቶ ደረሰ እንዲህ ያለ አቀባበል በሕይወቱ አላየም።

በመጨረሻ ለእጩው የነገረው ሰው ማን እንደሆነ አልታወቀም። ባጃጁ ግን በድንገት ጸጥ አለ፤ ቪዲዮውም ከገጹ ጠፋ። ሰው ስልክ ላይ ያለውን ማጥፋት ግን አልተቻለም። ዋግ ሁሉ የደረቀውን ቦኖ ስላወቀው ከምርጫው በፊት መፍሰስ ነበረበት፤ ባለሙያዎች በማለዳ ከተፍ አሉ። ፈልገው ፈልገው ያገኙት ብልሽት የለም። ከመንደሩ በላይ፣ ከዋናው መስመር ላይ ያለው መዝጊያ ተዘግቶ ኖሯል። ማን እንደዘጋው አልታወቀም፤ የከፈተው ግን ወዲያው ፎቶ ተነሣ።

ውሃው አስሎ፣ ዝገት ተፍቶ፣ ከዚያ ጠርቶ ወረደ። መንደሩ ጀሪካን ይዞ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ካሜራውም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ደረሰ፤ ማይክራፎኑ እንደ ልማዱ ወደ ገበያው ሄደ።

«እኔ አመስግኜ ጨርሻለሁ» አለ ገበያው። «ተሸካሚዋን ጠይቋት።»

ማይክራፎኑ ወደ ደብሬ ዞረ። እሷ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብላ ጀሪካኗን ደቅና ነበር። ቀና ሳትል፣ በኽምጣንጋ፣ «ዞር በሉልኝ፤ እንደገና ሳይደርቅ ልቅዳበት» አለች።

ማታ በዜናው ላይ የደብሬ ጀርባ ታየ። ነዋሪዋ በዘመናት ጥያቄያቸው መመለስ የተሰማቸውን ደስታ መግለጻቸውን ጋዜጠኛው ተረከ፤ ከሥሩ ያለው ድምፅ ግን ዞር በሉልኝ ይል ነበር። ገበያው ይህንን ለደብሬ ሊያሳያት ስልኩን ይዞ ወጣ። እሷ ግን ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ የጠላውን ጋን ሳይቀር ደርድራ እየሞላች ነበርና፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ጋኑን ያዘላት።